ያረጀች መንኰራኩርና የሠራተኛው እጅ

ስለ መጪው ዘመን የሚተርኩ ፊልሞች መንኰራኩርን በሁለት ዓይነት መልክ ያቀርቡልናል። አንደኛውን በ1968 እ.ኤ.አ. ስታንሊ ኩብሪክ ባዘጋጀው «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» እናየዋለን፤ ግድግዳው ነጭ፣ መብራቱ ደማቅ፣ የሰው ጣት ያረፈበት የማይመስል ነው። ሁለተኛውን በ1977 እ.ኤ.አ. የወጣው የጆርጅ ሉካስ «ስታር ዋርስ» ይዞት መጣ። በዚያ «ሚሌኒየም ፋልከን» የተባለችው መንኰራኩር ቀለሟ የተላላጠ፣ ጭስ ያጠቆራት፣ በየቦታው የተጠጋገነች ናት። ባለሙያዎቹ ምስያዋን ሲሠሩ ተገጣጣሚ ከሆኑ የፕላስቲክ ታንኮችና አውሮፕላኖች የወሰዱትን ቁርጥራጭ ለጠፉባት፤ ከዚያም እድፍ የሚመስል ቀለም ቀቧት።

አዲሱን ዕቃ አሮጌ ማስመሰል ማታለል አይደለምን? የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ይበልጥ የሚሰውረው ነጩ ግድግዳ ይመስለናል። ነጭ ሆኖ እንዲቆይ የሚወለውለው ሰው ያስፈልጋልና፤ ያን ሰው ግን አያሳዩንም። በተጠጋገነው ብረት ሥር መፍቻ ይዞ የተንበረከከ ሰው መኖሩን ግን ሳይነገረን እናውቃለን።

ይሁንና እርጅና ሁሉ አንድ አይደለም፤ ጉዳዩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. ሪድሊ ስኮት ባዘጋጀው «ኤሊየን» (ፊልሙ እጅግ አስፈሪ ስለሆነ ለሕፃናት አይሆንም) «ኖስትሮሞ» የተባለች የጭነት መንኰራኩር አለች። ሰባት ባልደረቦች ብቻ ይዛ ሃያ ሚሊዮን ቶን ማዕድን ከነማጣሪያው ትጎትታለች። ከጣሪያዋ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ሰንሰለቶች ተንጠልጥለዋል። ሞተሩን የሚጠብቁት ፓርከርና ብሬት ከረጅም እንቅልፍ ነቅተው ማዕድ እንደቀረቡ የሚያነሡት ጉዳይ የቦነስ ድርሻቸው ከሌሎቹ ማነሱን ነው። በኋላም ኩባንያው አደገኛውን ፍጡር ለማግኘት ሲል የባልደረቦቹን ሕይወት አስቀድሞ ከኪሳራ እንደቈጠረው ይታወቃል።

ፋልከንን ባለቤቷ ከአጠገቧ ሳይለይ እየጠጋገነ ያበራታል። ኖስትሮሞን ያስረጃት ግን ለጭነቱ እንጂ ለሰዎቹ ደንታ የሌለው ሒሳብ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱም ያው የተላላጡ ብረቶች ናቸው። ስለዚህ «እንዴት ያምራል!» ከማለታችን በፊት በውስጡ የሚሠራው ማን እንደ ሆነ፣ ይታደስልኝ ብሎ የመጠየቅ መብት እንዳለውም ልንመረምር ይገባናል። እድፉን ብቻ ወስደው ሠራተኛውን የተዉ፣ ችግርን ለጌጥ የሚጠቀሙ ፊልሞችን አናመሰግንም።

በእውነተኛው ጠፈርም ይህ ታይቷል። ከ1986 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ምድርን ሲዞር የኖረው «ሚር» የተባለው የሩሲያውያን ጣቢያ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያለ ጥገና የማይውል ሆኖ ነበር። በ1997 በየካቲት ወር እሳት ተነሣበት፤ በሰኔ ደግሞ የጭነት መንኰራኩር ገጨውና «ስፔክትር» ከተባለው ክፍሉ አየር ማምለጥ ጀመረ። በውስጡ የነበሩት ሦስት ሰዎች በበሩ በኩል ያለፉትን የኤሌክትሪክ ገመዶች እየነቀሉና እየቈረጡ ክፍሉን ዘጉት። ጣቢያው ከኃይሉ ከፍተኛ ድርሻ አጣ። በነሐሴ ወር አናቶሊ ሶሎቭዮቭና ፓቬል ቪኖግራዶቭ የጠፈር ልብስ ለብሰው ወደዚያ አየር አልባ ጨለማ ገቡ፤ በወፍራም ጓንት ውስጥ ባሉ ጣቶቻቸውም ገመዶቹን መልሰው አገናኙ።