ውልና ማስረጃ ሳትሄዱ አትክፈሉ

በከተሞቻችን በመንደር ውል ቤት ገዝቶ የሚኖረው ሰው ቀላል አይደለም። ወረቀቱ አለ፤ ምስክሮች ፈርመውበታል፤ ገንዘቡን ቆጥሮ ቁልፉን ተረክቧል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል ሰምቶ ላደገ ሰው ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ሕጉ ግን በጽሑፍ ብቻ አይረካም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ ሆኖ፣ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ ይህን ያላሟላ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት እንደማይጸና ወሰነ። ውሳኔው ከሁለቱ ተከራካሪዎች አልፎ የሁላችንንም ደጅ ያንኳኳል። ከአምስት ያላነሱ ዳኞች ተሰይመውበት ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን የፌዴራልም የክልልም ፍርድ ቤቶች ያስገድዳልና።

ችሎቱ በኋላ አቋሙን በመጠኑ አለዝቦታል፤ ሻጩ መሸጡን ካልካደ፣ ውሉ ስላልተመዘገበ ብቻ አይፈርስም ብሏል። በዚህ የሚጽናና ገዢ ግን ነገሩን ልብ ብሎ ያጢነው። ቤቱ የሱ መሆን አለመሆኑ የተንጠለጠለው በሻጩ አንደበት ላይ ነው ማለት እኮ ነው። ሻጭ ደግሞ ይሞታል፤ ሽያጩን ያላዩ ወራሾች ይመጣሉ። ሚስትም «እኔ መቼ ተስማማሁ?» ልትል ትችላለች፤ የቤተሰብ ሕጉ የጋራ ቤት ለመሸጥ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃልና። ውሉ ከፈረሰ ሁለቱም ወገኖች ወደነበሩበት ይመለሱ ይባላል። ሻጭ ቤቱን ይወስዳል፤ ገዢ የከፈለውን ብር ይቀበላል። ከዓመታት በፊት በ300 ሺህ ብር የተገዛ ቤት ቢሆን፣ የሚመለሰው 300 ሺህ ብር ዛሬ የትኛውን ቤት ይገዛል? ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ልካ በወንድሟ በኩል ለገዛች እህት ይህ የወጣትነት ዕድሜዋ ነው።

«ዘመዴን ውሉን እናስመዝግብ ማለት አላምንህም ማለት ነው» የሚል ይኖራል። እኔ ግን ምዝገባው ዝምድናውን ይጠብቃል ባይ ነኝ። እናስመዝግብ ሲባል የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠመም፣ ቁጣው ቀብዱ ሳይከፈል መታየቱ ደግ ነው። ወጪውን የሚፈሩም አሉ፤ ለስም ዝውውር 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ፣ ሌላም ክፍያ አለ። ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ግን ለጠበቃና ለዓመታት ቀጠሮ ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ የኮንዶሚኒየሙ ነገር ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው አምስት ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ ስለተከለከለ፣ ደላላው «በውክልና እንጨርሰዋለን» ይላል። ውክልና ሽያጭ አይደለም። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል፤ ሲሞትም በመርሕ ደረጃ ውክልናው አብሮት ያበቃል። ያኔ ደላላውን የት ታገኙታላችሁ?

ሕጉ ቅን ገዢን ይጎዳል፣ ተንኮለኛ ሻጭን ይጠቅማል የሚለው ወቀሳ ግን እውነት አለበት። ፎርም ባለማሟላቱ ቤቱን ያጣው አብዛኛውን ጊዜ ሕጉን ያላወቀው ነው፤ የቤት ዋጋ ሲንር መካድ ትርፍ ሆኗል። ስለዚህ ምክሬ ለሻጮችም ነው። ፍርድ ቤት «ውሉ አይጸናም» ሲል ገንዘቡን አልተቀበልክም ማለቱ አይደለም። በፈቃድህ የሸጥከውን ቤት በፎርም ጉድለት ማስመለስ በችሎት ሊያዋጣ ይችላል፤ በዕድርተኛው ዘንድ ግን ስሙ ክህደት ነው፤ እኔም ሌላ ስም አላገኘሁለትም።

ያልተመዘገበ ውል በእጃችሁ ካለ ክርክር እስኪነሳ አትጠብቁ። ሻጩ በሕይወት እያለ፣ ሳትቀያየሙ፣ እሱንም የትዳር ጓደኛውንም ይዛችሁ፣ የቤቱን ካርታና መታወቂያችሁን አሟልታችሁ ውልና ማስረጃ ሂዱ። ሻጩ ውጭ አገር ከሆነም ባለበት አገር ባለው ኤምባሲያችን ወይም ቆንስላችን በኩል ስምምነቱን የሚያስፈጽም ውክልና ይላክ፤ ውሉ እስኪመዘገብ ድረስም ቀሪ ክፍያ ካለባችሁ አትልቀቁት።