በደጅ የቆመ ጸሎት

የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን «ካም ሰንዴይ» የተባለውን ዜማ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲዜም ብሎ አልነበረም። መጀመሪያ የተሰማው እ.ኤ.አ. በጥር 1943 በኒውዮርኩ ካርኔጊ ሆል፣ የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ በሚተርከው «ብላክ፣ ብራውን ኤንድ ቤዥ» በተሰኘው ረጅም ድርሰቱ ውስጥ ነው። ያኔ ግጥም አልነበረውም፤ ጆኒ ሆጅስ በአልቶ ሳክስፎን ተጫወተው። ኤሊንግተን በድምፅ የሣለው አንድ እሑድን ነው፤ በባርነት የተያዙ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሆነው የውስጡን ዝማሬ ያዳምጣሉ፣ በለሆሳስም አብረው ያንጎራጉራሉ።

ይህን ዜማ በፒያኖ መማር ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። በደጅ የቆመ ሰው ጸሎት ሙሉ ጸሎት ነው?

ያደግኩት ጎንደር ነው። እናቴ ብዙውን እሑድ የምታስቀድሰው ከቅጥሩ ገብታ፣ ከሕንጻው ግን ውጭ ሆና፣ ጽድ ሥር ቆማ ነበር። የቅዳሴው ዜማ ግድግዳውን አልፎ ሲደርሳት ነጠላዋን እንዳጣፋች ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ በሚሰገድበት ጊዜ ትሰግዳለች። የከለከላት ሰው አልነበረም። «ዛሬስ አልተዘጋጀሁም» ብላ ከውጭ የቀረችው በራሷ ፈቃድ ነው። ለምን እንደማንገባ ስጠይቃት «እግዜርን ግድግዳ አያግደውም» ትለኝ ነበር።

አሁን የምኖረው ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1899 በተወለደባት በዋሽንግተን ነው። የፒያኖ አስተማሪዬ ዕድሜያቸውን በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ሲያገለግሉ የኖሩ ጥቁር አሜሪካዊት አረጋዊት ናቸው። በመጀመሪያ እጄን ከፒያኖው አስነስተው ዜማውን በአፌ እንዳዜመው አደረጉኝ። ቅርጹ ቀላል ነው፦ 32 ሜዠር፣ በአራት ክፍል የተከፈለ፤ የመጀመሪያው ይደገማል፣ ሦስተኛው ሌላ መንገድ ይይዛል፣ አራተኛው ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ቀጥሎ ግራ እጄ ከእያንዳንዱ ኮርድ ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ ብቻ እንዲይዝ አሳዩኝ። የኮርዱን ጠባይ የሚናገሩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ የቀረውን ጆሮ ራሱ ይሞላዋል። የከበደኝ ዝግታው ነው። ዜማው አንድ ድምፅ ላይ አርፎ ሲቆይ ጣቶቼ ክፍተቱን ሊሞሉ ይቸኩላሉ። «ተይው ልጄ» ይሉኛል አስተማሪዬ፤ «እዚያ ላይ እያዳመጥሽ ነው።»

ዜማው አንድ ዙር ካለቀ በኋላ ግን ማዳመጥ ብቻውን አይበቃም። በጃዝ ወግ ኮርዶቹ እንደነበሩ እየዞሩ፣ ተጫዋቹ በላያቸው የራሱን ዜማ እዚያው ይፈጥራል። ጸሎትንም ከዚህ ለይቼ ማየት አልቻልኩም። ዳዊት የሚደግም ሰው ከእሱ በፊት የተባለውን ይላል፤ ከዚያ የልጁን ሕመም፣ የቤቱን ጭንቀት በራሱ አንደበት ያቀርባል። እነዚያ በደጅ የቆሙት ሰዎችም ከውስጥ የሰሙትን ተቀብለው የራሳቸውን ሸክም ጨመሩበት። ሰምተዋል፣ መልሰዋል። ከጸሎት ምን ጎደለባቸው?

ቢሆንም የእናቴን ደጅና የእነሱን ደጅ አንድ ማድረግ አልችልም። የሉቃስ ወንጌል ሁለቱንም ያሳየናል። በምዕራፍ 18 ቀራጩ በሩቅ የቆመው ትሕትና ይዞት ነው፤ ጸድቆም ወደ ቤቱ ተመለሰ። በምዕራፍ 16 አልዓዛር ከባለጸጋው ደጅ የወደቀው ግን ወዶ አይደለም። እናቴ እንደ ቀራጩ ቆመች፤ በባርነት የተያዙት እንደ አልዓዛር ተጣሉ። ኤሊንግተን ራሱም ደጁን ቀምሶታል። እ.ኤ.አ. በ1965 ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው ግሬስ ካቴድራል የመጀመሪያውን የቅዱስ ሙዚቃ ኮንሰርቱን ሲያቀርብ ይህ ዜማ አብሮት ገባ። በቀጣዩ ዓመት በተወለደባት ከተማ ኮንሰርቱን ሊያቀርብ ሲል ግን የባፕቲስት ሰባክያን ጉባኤ ድጋፉን ነፈገው።

አልዓዛር በአብርሃም እቅፍ አረፈ፤ የእሱ ማረፍ ግን ባለጸጋውን ከፍርድ አላዳነውም። ይህ ዜማ ለማጽናኛ ብቻ ሲጫወቱት የሚቆረቁረኝ ለዚህ ነው። እግዚአብሔር በደጅ ያሉትን እንደሰማቸው በሙሉ ልቤ አምናለሁ። ሆኖም የእናቴን ቃል፣ በፍቅር የተናገረችውን፣ በሩን የዘጋ ሰው ለራሱ መጽናኛ እንዲያደርገው አልፈቅድም። «እግዜርን ግድግዳ አያግደውም» ማለት የሚያምረው በውጭ በቆመ ሰው አፍ ነው፤ ከውስጥ ሲባል ክህደት ይሆናል። እንግዲህ መልሴ ይህ ነው፦ በደጅ የቆመው ሰው ጸሎት ሙሉ ነው። የጎደለው ወንድሙን ከደጅ ትቶ ውስጥ የሚዘምረው ጉባኤ ነው።