በሌላው ሰው ጾም ስለ መጽደቅ

የአሜሪካን ሕገ መንግሥት የደነገጉት አበው፣ በሕግ ካልተፈቀደ በቀር ከመንግሥት ግምጃ ቤት ገንዘብ እንዳይወጣ ሲወስኑ፣ ሥልጣኑን ለእንደራሴዎች የሰጡት የገዢውን እጅ ይገቱበት ዘንድ ነውና፣ ሕሊናው ያልተቀበለውን ወጪ አልፈቅድም የሚል እንደራሴ የተሾመበትን ፈጸመ እንጂ አልበደለም። የሚያጠያይቀው የእንቢታው ዕዳ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ ነው።

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በዲሴምበር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በሜክሲኮ ድንበር ላይ ሊያሠሩት ላሰቡት ግንብ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ይፈቀድልኝ ሲሉ፣ ዲሞክራቶቹም አንፈቅድም ብለው ስለ ጸኑ፣ በጀታቸው ያልጸደቀላቸው መሥሪያ ቤቶች ለ35 ቀናት ተዘጉ፤ 800,000 ያህል ሠራተኞችም፣ ከፊሎቹ ከቤታቸው ውለው፣ ከፊሎቹም፣ የበረራ ተቆጣጣሪዎች ሳይቀሩ፣ በየዕለቱ ሥራቸውን እየሠሩ፣ ያለ ደመወዝ ሰነበቱ። ውዝፉ ኋላ ተከፈላቸው፤ ሕንፃ የሚጠርጉትና በር የሚጠብቁት የኮንትራት ሠራተኞች ግን አብዛኞቹ ያጡትን አጥተው ቀሩ። የተከራካሪዎቹ የእንደራሴዎች ደመወዝ፣ አንዳንዶቹ በፈቃዳቸው ቢተዉትም፣ አልተቋረጠም ነበር።

ሁለቱም ወገኖች ስለ እምነታቸው ዋጋ እንደሚከፍሉ ይናገሩ ነበር። ንጉሥ ዳዊት ግን፣ መቅሠፍት በሕዝቡ ላይ በወረደ ጊዜ፣ ኢያቡሳዊው ኦርና ዐውድማውንና በሬዎቹን በነጻ ልስጥህ ቢለው፣ ራሱ ያልከፈለበትን መሥዋዕት ለእግዚአብሔር ማቅረብን ተጸይፎ 50 ሰቅል ብር መዝኖ ገዛ። ጾምም እንዲሁ ነው፤ በራስ ፈቃድ ሲያዝ ጽድቅ ይሆናል፣ በሌላው ላይ ሲታወጅ ረኃብ ነው። የምንደኛው ዋጋ በጌታው ዘንድ እስኪነጋ እንዳያድር የሚያዝዘው የኦሪት ሕግም፣ ጌታው ከጎረቤቱ ጋር ያለው ክርክር እውነት ይሁን ሐሰት አይጠይቅም።

እዚህ ላይ ብርቱ መቃወሚያ ይነሣል፦ ለሠራተኛው የሚራራው ወገን ሁልጊዜ የሚሸነፍ ከሆነ፣ ርኅራኄ የሌለው ሁልጊዜ አሸናፊ ሊሆን ነው። መቃወሚያው እውነት ነው፤ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2013 ዓ.ም. ሪፐብሊካኖች የጤና መድን ሕግን ለማስቀረት መሥሪያ ቤቶችን ለ16 ቀናት ባስዘጉ ጊዜም ተሰምቷል። መልሱን በሰዎቹ ደግነት ላይ መጣል ሞኝነት ይመስለኛል። የእስፓኝ ሕገ መንግሥት አዲሱ በጀት በጊዜው ካልጸደቀ የአምናው እንዲቀጥል ያዝዛል፤ ክርክሩ አይቆምም፣ ነገር ግን መያዣ የሚሆን ደመወዝተኛ አያገኝም። እርግጥ የአምናው በጀት አምና ላሸነፈው ያደላል። ያድላ፤ እንደራሴ በእንደራሴ ላይ የሚያደርሰው በደል በምርጫ ይታረማል፣ የበር ጠባቂው የቤት ኪራይ ግን ምርጫ እስኪደርስ አይጠብቅም።