ግፍን መቃወም ሕዝብን መጥላት ነውን?

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ የልጆች ጥል ነው። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ በማስተምርበት መድረሳ ከዐስር ሰላት በኋላ ሁለት ልጆች በአንድ እርሳስ ተጣሉ። አንዱ ነጥቆ አልመልስም ሲል ሌላው «አንተ የሁዲ!» ብሎ ሰደበው። ተሳዳቢውን ጠርቼ ይህን ስድብ ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ፣ «ኡስታዝ፣ እርስዎ ባለፈው ዱዓእ ሲያደርጉ ሰምቼ ነው» አለኝ።

መልስ አጣሁ። ልጁ አልዋሸም። በዚያ ሳምንት ከጋዛ ፍርስራሽ ሥር የሚወጡ ሕፃናትን በቴሌቪዥን አይቼ ልቤ ደምቶ ነበር። ዱዓእ ሳደርግም ግፍ የሠራውን ለይቼ መጥራት ሲገባኝ ሕዝቡን በጅምላ ረግሜ ነበር። ልጁ የደገመው ያስተማርኩትን ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። የእስራኤልን መንግሥት ሥራ በመቃወምና አይሁዶችን በአይሁድነታቸው በመጥላት መካከል ያለው ድንበር የት ላይ ነው? በዓለም ላይ በዚህ ጉዳይ ሁለት ዓይነት ስሕተት ሲሠራ እናያለን። አንዱ ወገን ስለ ፍልስጤማውያን መብት የተናገረውን ሁሉ «ፀረ ሴማዊ» እያለ አፉን ሊያዘጋው ይሞክራል። ሌላው ወገን መንግሥትን የሚነቅፍ መስሎ በልቡ የቋጠረውን የዘር ጥላቻ ያወጣል። እነዚህ ሁለቱ ጠላቶች ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ። ሁለቱም መንግሥትንና ሕዝብን አንድ አድርገው ይቆጥራሉ።

ከራሳችን እንጀምር

በኅዳር 2006 ዓ.ል ከሳዑዲ ዐረቢያ የተባረሩ ወገኖቻችን በየቀኑ በአውሮፕላን ቦሌ ይወርዱ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150,000 በላይ ሰዎች ተመለሱ። ብዙዎቹ የለፉበትን ጥለው ባዶ እጃቸውን ነበር የመጡት። ከመካከላቸውም ሙስሊሞች ብዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ደግሞ ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው ድርጅት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን የሚገልጽ ሪፖርት አወጣ። የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል።

በዚያ ጊዜ የሳዑዲን መንግሥት የነቀፈ ሰው የእስልምና ጠላት ነበርን? አልነበረም። እኔም ነቅፌአለሁ። መካና መዲና በግዛቱ ውስጥ መሆናቸው አንድን መንግሥት ከተጠያቂነት የሚሸሽበት ጋሻ አይሆነውም። ሆኖም በዚያው ወር አንዲት ጎረቤታችን ሒጃቧን ለብሳ ታክሲ ስትገባ አንድ ተሳፋሪ፣ «ወገኖችሽ የሠሩትን አየሽ?» አላት። እርሷ ግን ከሚባረሩት አንዱ የሆነውን ወንድሟን ልትቀበል ወደ ቦሌ እየሄደች ነበር።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሠሪው በሥራው ይጠየቃል። በሁለተኛው ያልሠራው በስሙ ይከሰሳል። የመጀመሪያው ነቀፋ ነው፣ ሁለተኛው ጥላቻ ነው። ሰው በእኛ ላይ ሲያደርገው ይህ ልዩነት ወዲያውኑ ይገባናል። አስቸጋሪው እኛ በሌላው ላይ ስናደርገው ማስተዋሉ ነው።

ጎረቤቶቻችን የነበሩ አይሁዶች

ኢትዮጵያዊ ስለ አይሁዶች ሲናገር ስለ ሩቅ ሕዝብ ብቻ አይናገርም። ቤተ እስራኤሎች በወገራ፣ በደምቢያና በሰሜን ተራሮች ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረዋል። ርስት ተነፍገው «ፈላሻ» ተባሉ። በብረት ቅጥቀጣ፣ በሸክላና በሽመና ሥራ ተዳደሩ። ቀን ማረሻውን ከእጃቸው የገዛ ገበሬ ማታ ልጁ ሲታመምበት «ቡዳ በላብኝ» እያለ ያማቸው ነበር። የእኛም አባቶች ታሪክ ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። እነርሱም ርስት ተከልክለው በንግድና በሽመና ኖረዋል። «ሰማይ ዐምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» ተብሎባቸዋል። ይህን የቀመሰ ሕዝብ የሌላውን ስም ማጉደፍ አይገባውም ነበር። እኔ ግን በልጅነቴ የቡዳን ሐሜት ሰላት ከማይቋረጥበት ቤት ውስጥ ጭምር ሰምቼዋለሁ።

ልብ በሉ፣ ይህ ጥላቻ ከማንም መንግሥት ሥራ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። የእስራኤል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1948 ከመመሥረቱ ከብዙ ዘመን በፊት የነበረ ነው። ስለዚህ «አይሁድን መጥላት የሚባል ነገር የለም፣ ሁሉም ፖለቲካ ነው» የሚል ሰው ቢኖር የገዛ አገራችን ታሪክ ይመሰክርበታል።

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ል ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤሎች በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከዚሁ ከቦሌ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ታሪኩ ግን በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1996 የለገሱት ደም በምስጢር ሲደፋ መቆየቱ ሲሰማ በኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጡ። በ2015 አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ፊልም ከታየ በኋላ፣ በ2019 ደግሞ አንድ ወጣታቸው በፖሊስ ጥይት ከተገደለ በኋላ እንደገና አደባባይ ወጥተው የመንግሥታቸውን አድልዎ አወገዙ። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች አይሁድ ጠል ሊባሉ ነውን? ለአይሁድነታቸው ሲሉ ያን ሁሉ ዘመን መከራ የተቀበሉ ናቸው! «መንግሥቱን የነቀፈ ሁሉ ሕዝቡን ጠላ» የሚለውም ክስ በእነርሱ አንደበት ይወድቃል።

የቁርኣን ሚዛን

በሱረቱ ኒሳእ ከአንቀጽ 105 ጀምሮ ያሉት አንቀጾች ስለወረዱበት ምክንያት ብዙ ሙፈሲሮች የሚዘግቡት ታሪክ አለ። በመዲና ሙስሊም ነኝ የሚል አንድ ሰው ጥሩር ሰረቀ፤ ነገሩ ሲታወቅበትም ዕቃው ከአንድ አይሁዳዊ ቤት እንዲገኝ አደረገ። ዘመዶቹም ተሰብስበው ለወገናቸው ቆሙ። በዚያ ዘመን በሙስሊሞችና በአንዳንድ የመዲና አይሁድ ጎሳዎች መካከል መቃቃር ነበር፤ ክሱን ለመቀበል ሰበብ አይጠፋም ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) ግን ለከዳተኞች ጠበቃ መሆንን ከልክሎ አይሁዳዊውን ከክሱ ነጻ አወጣው።

ይኸው ቁርኣን ቃል ኪዳን ያፈረሱትን በሥራቸው ይወቅሳል። ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉም እኩል አለመሆናቸውንም በሱረቱ ኣሊ ዒምራን አንቀጽ 113 ይገልጻል። በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 8 ደግሞ የሰዎች ጥላቻ ፍትሕን እንዳያስተወን ያስጠነቅቀናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአይሁዳዊ አስከሬን ሲያልፍ ተነሥተው እንደቆሙ፣ ሰዎች አይሁዳዊ መሆኑን ሲነግሯቸውም እርሱስ ነፍስ አይደለምን ብለው እንደመለሱ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። እኔ ደግሞ በልጆች ፊት ሕዝቡን በጅምላ ረገምኩ። ይህን ሳስብ አፍራለሁ።

ዛሬ በምዕራቡ ዓለም ምሁራን በዚሁ ጉዳይ ይከራከራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውና ብዙ መንግሥታት የተቀበሉት የፀረ ሴማዊነት ትርጓሜ 11 ምሳሌዎች አሉት፤ 7ቱ እስራኤልን የሚመለከቱ ናቸው። ትርጓሜው ራሱ በማንኛውም አገር ላይ እንደሚሰነዘረው ያለ ነቀፋ ጥላቻ ሊባል እንደማይችል ይናገራል። ሆኖም ተቃውሞን ዝም ለማሰኘት ሲውል ይታያል። ከአርቃቂዎቹ ዋነኛው የነበሩት አይሁዳዊው የሕግ ሰው ኬኔት ስተርን ጭምር በዩኒቨርሲቲዎች ንግግርን ለመገደብ መዋሉን በይፋ ተቃውመዋል። በ2021 ወደ 200 የሚጠጉ ምሁራን፣ ብዙ አይሁዶችም ያሉበት፣ የኢየሩሳሌም መግለጫ የተባለ ሌላ ትርጓሜ አውጥተው ሁለቱን ለመለየት ሞክረዋል።

ከመናገራችን በፊት

እኛ ቤታችን ውስጥ ይህን ያህል መግለጫ አያስፈልገንም። ሦስት ጥያቄዎች ይበቁናል። አንደኛ፣ የምነቅፈው ማንን ነው? ያዘዘውንና የፈጸመውን ነው ወይስ የዘር ሐረጉን? ሁለተኛ፣ ይህንኑ ሥራ የእኔ ወገን ቢሠራው እነቅፈዋለሁን? ሦስተኛ፣ የምናገረው ነገር ሰነዱ ምንድን ነው?

ሦስተኛው ለእኛ በተለይ ይመለከተናል። ሐዲስን ያለ ኢስናድ የማንቀበል ሰዎች የአይሁድ ሽማግሌዎች ዓለምን ለመግዛት ተማከሩ የሚለውን «ፕሮቶኮል» በዐረብኛ ተተርጉሞ ስላገኘነው ብቻ እናምነዋለን። ይህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1903 በሩሲያ የታተመ ሐሰት ነው። ከሌላ መጽሐፍ የተገለበጠ መሆኑን የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ በ1921 አጋልጦታል። በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 6 ወሬን እንድናጣራ ታዘናል፤ ወሬው ስለማንወደው ሰው ሲሆን ትእዛዙ አይቀርም።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ለጋዛ ያለንን ሐዘን አያቀዘቅዝምን?» የሚል ወንድም አይጠፋም። አያቀዘቅዝም። መስከረም 26 ቀን 2016 ዓ.ል በእስራኤል 1,200 ያህል ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ሲቪሎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ጦርነት በጋዛ ጤና ሚኒስቴር ቆጠራ ከ60,000 በላይ ፍልስጤማውያን ሞተዋል፤ ሴቶችና ሕፃናት እጅግ ብዙ ናቸው። ይህን ያዘዙትንና የፈጸሙትን በስማቸው መጥራት ግዴታችን ነው። ማንም ቢቆጣ ዝም ልንል አይገባም። ነገር ግን ምስክር በአንድ ቃል ላይ ሐሰት ከተገኘበት ዳኛው እውነቱንም አይቀበለውም። በጅምላ የተራገመ ሰው የተበዳዩን ክስ ያበላሽበታል፤ ግፈኛውም «ተመልከቱ፣ የሚጠሉን በዘራችን ነው» ብሎ ያመልጥበታል።

በማግሥቱ ልጆቹን ሰብስቤ በዱዓዬ መሳሳቴን ነገርኳቸው። ተሳዳቢውም ጓደኛውን ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ አንዱ ትንሽ ልጅ፣ «ታዲያ አሁን ዱዓእ የምናደርገው እንዴት ብለን ነው?» አለኝ። «ለተበደለው እንለምናለን፣ በዳዩን አላህ ከበደሉ እንዲመልሰው፣ ካልተመለሰም እጁን እንዲይዝልን እንለምናለን» አልኩት። «የበዳዩን ስም እናውቃለን?» ሲለኝ፣ «አላህ ያውቀዋል፤ እርሱ አይሳሳትም» አልኩት።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን ቁጣችንን ከነስሕተቱ ይወርሳሉ። አላህ ለተበደሉት ይድረስላቸው፤ ለእኛም ስንወድም ስንጠላም ፍትሕን ይስጠን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።