በእግር ለመሳለም ለምንነሣ



ኤሳው አብረን እንሂድ ባለው ጊዜ ያዕቆብ የልጆቹን ድካምና የሚያጠቡትን በጎች አስቦ በእነርሱ እርምጃ በዝግታ መከተልን መረጠ (ዘፍ. 33፥13-14)። ለመንፈሳዊ ጉዞ ዕቅድ ማውጣት የእምነት ጉድለት የሚመስለው ይህን ያንብብ።

በእኛ በባሌ ከሮቤ እስከ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህ ቀላሉ ነው። ከጎባ በላይ ግን ዳገቱ ከ4000 ሜትር ከፍታ ወደሚያልፈው ሳነቴ ይወጣል፤ በዚያ አየሩ ይሳሳል፣ በበጋ ሌሊትም ውርጭ ይወርዳል። ስለዚህ ጋቢና ውኃ ይያዝ። በትርም ይያዝ፤ እርሱንማ ጌታ ለሐዋርያቱ ፈቅዷል (ማር. 6፥8)፤ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዙ ሙስሊም ወንድሞቻችንም አይለዩትም። ራሱን አሞት የሚያጥወለውለው ቢኖር ብቻውን አይመለስ፤ ሰው ደግፎት ይውረድ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ የመነሻውንና የዕረፍቱን ሰዓት ስትወስኑ አስቀድማችሁ በዕድሜ የገፉትን እናት አማክሩ። ከፊት እርሳቸው ይምሩ፤ እርሳቸው ሲቀመጡ ወጣቱ መቍጠሪያውን ይድገም።