አይቶ መፍረድ፥ መርምሮ መፍረድ

የሰውን ሥራና ጠባይ መመዘን የዘወትር ግብራችን ነው። ወላጅ በልጁ፥ መምህር በተማሪው፥ ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ በየቀኑ ይፈርዳል። ብዙውን ጊዜም «በዓይናችን አይተናል» የሚለው ቃል ለፍርዳችን ማረጋገጫ ሆኖ ይቀርባል። ለመሆኑ በዓይን ያዩት ነገር ለፍርድ ይበቃልን? የማይበቃ ከሆነስ ፈጽሞ አለመፍረድ ይሻላልን? ይህን ጥያቄ ከሰዎች ጠብና ፍቅር እጅግ ከራቀ ስፍራ፥ ይኸውም ከሥነ ፈለክ ጥናት ተነሥተን ልንመለከተው እንወዳለን። የሰማይ ተመራማሪ በሚያጠናው ጋላክሲ ላይ ቂምም አድልዎም የለውም። እርሱ እንኳ ባየው ነገር የሚሳሳት ከሆነ፥ ቂምና አድልዎ የሚፈትነን እኛማ ምን ያህል ልንጠነቀቅ ይገባን ይሆን!

ጋላክሲ ማለት እጅግ ብዙ ከዋክብት ከጋዝና ከአቧራ ጋር በስበት ኃይል ተያይዘው የሚገኙበት ታላቅ ስብስብ ነው። ከጋላክሲዎችም መካከል ጥቂቶቹ ከሌሎቹ እጅግ የበለጠ የራዲዮ ሞገድ ስለሚያመነጩ «የራዲዮ ጋላክሲዎች» ይባላሉ። ዋነኛ ምሳሌያቸው ሲግነስ ኤ የተባለው ነው። ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘውን ርቀት «የብርሃን ዓመት» ብንለው፥ ይህ ጋላክሲ ከእኛ 750 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። በተራ ብርሃን ሲታይ በታላቅ ቴሌስኮፕ እንኳ ደብዛዛ ነጠብጣብ ይመስላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1953 ሮጀር ጄኒሰንና ዳስ ጉፕታ የተባሉ ተመራማሪዎች በእንግሊዝ አገር የራዲዮ መሣሪያዎችን አጣምረው ሲለኩት፥ ሞገዱ በአመዛኙ የሚመጣው ከራሱ ከጋላክሲው ሳይሆን በግራና በቀኝ ከሚገኙ ሁለት ሰፋፊ ስፍራዎች መሆኑን አገኙ። ከዳር እስከ ዳር ያለው ርቀት ከ400 ሺህ የብርሃን ዓመት ይበልጣል። እንግዲህ ዓይን ያየችው የነገሩን ጥቂት ክፍል ብቻ ነበር።

በዚያው ዘመን ዋልተር ባዴና ሩዶልፍ ሚንኮውስኪ የተባሉ ስመ ጥር ሊቃውንት፥ በአሜሪካ በፓሎማር ተራራ ላይ ባለው፥ የመስተዋቱ ስፋት 5 ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ይህንኑ ጋላክሲ ያጠኑ ነበር። በፎቶግራፉ ላይ ሁለት አካል ያለው ስለ መሰለ፥ ባዴ «ሁለት ጋላክሲዎች እየተጋጩ ነው» ሲል ደመደመ። ሚንኮውስኪ በመጀመሪያ ተጠራጥሮ ነበር፤ ብርሃኑን ተንትኖ ኃይለኛ የጋለ ጋዝ ምልክት ባገኘ ጊዜ ግን ተስማማ። ጥናታቸውም እ.ኤ.አ. በ1954 ታተመ። ፎቶግራፉ እውነተኛ ነበር፤ የብርሃኑም ትንተና እውነተኛ ነበር፤ ፍርዱ ግን በኋላ ጸንቶ ሊቆም አልቻለም። ዛሬ እንደሚታወቀው የኃይሉ ምንጭ በጋላክሲው እምብርት ያለ፥ ክብደቱ ከፀሐይ ከ2 ቢሊዮን ጊዜ በላይ የሚሆን «ጥቁር ጉድጓድ» ነው። ጋዝ እየተሽከረከረ ወደ እርሱ ሲወድቅ፥ ወደ ብርሃን ፍጥነት የሚጠጋ ጅረት በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ይወነጨፋል፤ በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖችም በመግነጢሳዊ ኃይል እየተጠማዘዙ የራዲዮውን ሞገድ ያመነጫሉ።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ አካባቢ ነው። ጅረቱ በባዶ ስፍራ አይጓዝም። ብዙ ጋላክሲዎች በተሰበሰቡበት ዘንድ መካከላቸውን የሚሞላ፥ በራጅ ጨረር የሚታይ እጅግ የጋለ ጋዝ አለ። ጅረቱ ከዚህ ጋዝ ጋር ሲገናኝ ይዘገያል፥ ይበተናል፥ ወይም ይታጠፋል። በፐርሲየስ የጋላክሲዎች ስብስብ ውስጥ ያለው ኤንጂሲ 1265 የተባለው ጋላክሲ በዚህ ጋዝ ውስጥ በፍጥነት ስለሚጓዝ፥ ሁለቱ ጅረቶቹ ነፋስን ፊት ለፊት እንደሚገጥም ሰው ነጠላ ወደ ኋላ ታጥፈው ይታያሉ። ቅርጹን ብቻ ያየ ሰው «ከመነሻው ጠማማ ነበረ» ሊል ይችላል፤ ያጎበጠው ግን አካባቢው ነው።

ሦስተኛው ትምህርት የተመልካቹን ስፍራ ይመለከታል። ኳዛር የሚባሉት እጅግ ደማቅ አካላት ከራዲዮ ጋላክሲዎች ፈጽሞ የተለዩ ይመስሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 ግን ፒተር ባርቴል የተባለ ተመራማሪ፥ ኃይለኞቹ የራዲዮ ጋላክሲዎችና የራዲዮ ኳዛሮች በባሕርይ አንድ ሆነው ልዩነታቸው ከምናይበት ማዕዘን የመጣ ሊሆን እንደሚችል አስረዳ። ከጎን ስናያቸው ብሩሁን እምብርት አቧራ ይጋርደዋል፤ በጅረቱ አቅጣጫ ስናያቸው ግን ብርሃኑ ይገለጣል። በሲግነስ ኤም እምብርት የተሸሸገ ኳዛር መኖሩን በ1990ዎቹ የተደረገው ጥናት መስክሯል።

«እንግዲያስ ማንም በማንም ላይ አይፍረድ» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። ሊቃውንቱ ፍርድ ስለ ተሳሳተ ዝም አላሉም፤ በሌላ መንገድ ደግመው ተመለከቱ፥ የቀድሞውንም ትተው የተሻለውን ያዙ። ፍርድን ፈጽሞ የሚሸሽ ሰው የተበደለውን ያለ ረዳት ይተወዋል። አካባቢን ማወቅም በደልን መሰረዝ አይደለም፤ ጋዙ ጅረቱን አጎበጠው እንጂ አልፈጠረውም። ይልቁንም ጋላክሲ ፈቃድ የለውም፥ ሰው ግን አለው። ስለዚህ ምሳሌው ፈራጁን ለማስተማር እንጂ የሚፈረድበትን ከኃላፊነት ነጻ ለማውጣት አያገለግልም።

በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ዘወትር የሚያንቀላፋ ሕፃን ቢኖር፥ ማንቀላፋቱ የታየ እውነት ነው፤ «ሰነፍ ነው» ማለት ግን ፍርድ ነው። ልጁ ሌሊት ተነሥቶ ውኃ የሚቀዳ፥ ወይም የታመመች እናቱን ሲያስታምም የሚያድር ሊሆን ይችላል። ምናልባትም በእርግጥ ሰንፎ ይሆናል፤ ይህ የሚታወቀው ግን ቤቱን ጠይቀን ስንመለስ ነው። አባቶቻችን «ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገድሉ ጎፈሬ» ያሉት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፥ በባልንጀራችን ላይ ቃል ከማውጣታችን በፊት ሦስቱን እንጠይቅ፦ ያላየነው ምን አለ? በዙሪያው ያለው ምን ይመስላል? እኛስ የቆምነው የት ነው? ከዚህ በኋላ የምንናገረው ምስጋናም ቢሆን ተግሣጽ፥ የተመረመረ ቃል ይሆናል።