ዕርቅና ፍርድ

ሽማግሎች ተቀምጠው የተጣሉትን ማስታረቃቸው በአገራችን የቆየ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ዕርቅ ዘወትር ከፍርድ ሊቀድም ይገባዋልን?

ሕጉ ራሱ ለይቶ አስቀምጦታል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 556 ተራውን ቀላል የአካል ጉዳት በተበዳዩ አቤቱታ የሚከሰስ አድርጎታልና፥ ተበዳዩ ቢታረቅ ነገሩ በዚያው ሊያልቅ ይችላል። በአንቀጽ 555 የተጻፈው ከባድ ጉዳት ግን፥ ይኸውም አስቦ የሰውን ሕይወት ለአደጋ ማጋለጥ ወይም አካሉን ማጕደል፥ ዐቃቤ ሕግ አቤቱታ ሳይጠብቅ የሚከስሰው፥ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትም የሚያስቀጣ ነው። ስለዚህ ዐይኑ የጠፋበት ሰው «አስቀድመህ በሽማግሌ ታረቅ» ሊባል አይገባም።

ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፥ ይቅርታ ከፈቃድ የሚወጣ ነውና ነው። በባልዋ ተደብድባ በአልጋ የወደቀች ሴት፥ ዘመድና ጎረቤት ከብቦ «ገመናሽን ሸፍኚ» ሲላት እንቢ ለማለት ምን አቅም አላት? እንዲህ ያለው ዕርቅ የቍስል መሸፈኛ እንጂ መድኃኒት አይሆንም። ደግሞም ቍስሉ የአንድ ሰው ቢሆንም ፍርሃቱ የመንደሩ ሁሉ ነው።

ይህን ስንል ሽምግልናን መናቃችን አይደለም። ዳኛ በዳዩን ይቀጣል እንጂ የሁለቱን ወገን ቤተ ሰብ በአንድ ማዕድ አያስቀምጥም፤ ደም መመለስን የሚያስቀር የሽማግሎች ቃል ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቅ፤ አስቀድሞ ቍስለኛው ይታከም፥ ነገሩም ለሕግ ይነገር፤ ሽማግሌ ከዚያ በኋላ ይግባ።